ለሚስተር ክላረንስ የተላኩ ጥያቄዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005

ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመለኮት፣

ይህን ፖስታ ሳይቀዱት ይከፍቱት ዘንድ እመብርሃንን ለምኜ ነው የላክሁት። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረግዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ብደውል እንደሚዘጉብኝ አውቃለሁ፤ ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም ዘግተዋል። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ያንን ነገር ዛሬ አላነሳም።

የምጽፍልዎ ስለ ሥራዬ ነው። አንድ አዛውንት ቤታቸው እያደርኩ አስታምማለሁ። ሚስተር ክላረንስ ይባላሉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው በመስከረም ካረፉ ወዲህ ቃል አይወጣቸውም። የመርሳት በሽታም ጀማምሯቸዋል፤ ሰው ሳይደግፋቸው ከወንበር አይነሡም። ሁለት ማንኪያ ከቀመሱልኝ ለእኔ ድግስ ነው። ኦሃዮ የምትኖረው ልጃቸው ዳያን፣ «እስከ ሜይ ካልተሻለው ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት፣ አስገባዋለሁ» ብላኛለች። ባለቤታቸው ደግሞ ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው «ከቤቱ እንዳታስወጪው» ብለውኛል፤ እሺ ብያለሁ። ሥራ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል። ለሟች የገቡት ቃል ሲታጠፍ ግን አይጣል ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ነገር ሆነ። በቴሌቪዥን ስለ ድሮ ስፖርተኞች የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪው ሲሳሳት ሚስተር ክላረንስ ከወንበራቸው ሆነው «ሞኝ!» አሉ። ድምፃቸውን ከሰማሁ ወራት አልፎኝ ነበርና በደስታ እጄ ላይ የነበረው ሳህን ሊወድቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ረጋ ብለው «እኔ ሆም ሁለት ጊዜ ሰርቄያለሁ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ክው ነው ያልኩት። ዕቃ ቢሆን እሺ፤ ሰው ሙሉ ቤት እንዴት ይሰርቃል? ያውም ሁለቴ! የሰው ካርታ በስማቸው አዙረው ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬን ከአልጋዬ ሥር ነው የማሳድረው። ፊታቸው ግን የሌባ ፊት አይደለም።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ እርስዎ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ለአሜሪካኖቹ ሲሠሩ ስፖርታቸውን ከእነሱ በላይ እንዳወቁት ትነግረኝ ነበር። እኔ ከሩጫና ከእግር ኳስ ሌላ የማውቀው የለም። ሰውየው የሚነቁት በዚህ ብቻ ነውና አንድ ሁለት ጥያቄ ከነመልሱ ቢልኩልኝ? በእኔ ላይ ያለዎት ቅሬታ እንዳለ ይሁን።

አክባሪዎ
የሻሽወርቅ


አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለየሻሽወርቅ፣

ቀኑን በፈረንጅ መጻፍሽን አይቻለሁ። «እንደምን ከረምሽ» አልልሽም፤ ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ግን እንዳልኩሽ ቁጠሪው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ድምፅሽን ሁለተኛ አልሰማም ብዬ በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ፊት ምያለሁ። አሁንም አልሰማም። ፊደል ግን ድምፅ የለውም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለነገሩ ፖስታሽን ሦስት ቀን ሳልከፍተው ራዲዮዬ ላይ አስቀምጬው ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ ይዤው ሄድኩ። የመኪና ማቆሚያው ኪዮስክ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ «ቤት ሰረቁ» የምትይው ጋ ስደርስ ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። ትኬት ልትቀበል የቆመች ሴትዮ አመመህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዲያ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

አንቺ ሴት፣ ቦርሳሽን ከአልጋው ሥር አውጪው! ቤዝቦል ውስጥ አራት ማረፊያዎች አሉ። ተጫዋቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጦ፣ ዞሮ ከተነሣበት ሲደርስ ነጥብ ይቆጠርለታል። ያች የመጨረሻዋ ማረፊያ «ሆም» ትባላለች። መሬት ላይ የተነጠፈች ነጭ ላስቲክ ናት እንጂ ጣሪያም ግድግዳም የላትም። ወርዋሪው ኳሱን ይዞ ሲያመቻች ሰተት ብሎ የገባባት ሰው «ሰረቀ» ይባላል። ይህ ስርቆት ንስሐ አያስገባም፤ ያስጨበጭባል። ቃኘው ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ ሳሰምርና ነጥብ ስመዘግብ ይህን ያደረጉ አራት ወታደሮች ብቻ ናቸው ያየሁት። ሰውዬሽ ቀላል ሰው አይደሉም። በየትኛው ቦታ ይጫወቱ እንደነበር ጠይቂያቸው።

ለጊዜው አንድ ጥያቄ ይኸውልሽ። በቤዝቦልም በቅርጫት ኳስም በትልቁ ሊግ የሻምፒዮንነት ቀለበት ያገኘ ማነው?

መልሱ ጂን ኮንሊ ነው። በፈረንጅ 1957 በቤዝቦል፣ ኋላም በቅርጫት ኳስ ሦስት ጊዜ በተከታታይ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ። ካወቁት ይህን ጨምሪላቸው፦ በ1962 ኒውዮርክ ላይ ተሸንፈው ሲመለሱ አውቶቡሳቸው መኪና መሐል ተቀረቀረ። ኮንሊ ከአንድ ጓደኛው ጋር ወርዶ ጠፋ። ጓደኛው ሲመለስ እሱ አውሮፕላን ጣቢያ ሄዶ ወደ ኢየሩሳሌም ልሳፈር አለ። ፓስፖርት ስላልያዘ መለሱት። ጋዜጠኛው ሁሉ ሳቀበት፤ ሰክሮ ነው አሉት። ቃኘው ያሉት ወታደሮችም ወሬው ሲደርስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰክሮ እንኳ ያማረው ኢየሩሳሌምን መሳለም ከሆነ ሰውየው ምኑ ያስቃል?

ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የካቲት 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመለኮት፣

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምዎ። ቀኑን አስተካክያለሁ፤ ቁጣዎ ደርሶኛል።

ጥያቄዎን ምሳ ላይ አነበብኩላቸው። ገና ሳልጨርስ «ኮንሊ» አሉ። ስለ አውቶቡሱ ስነግራቸው ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው መብላት ጀመሩ። ኢየሩሳሌም ስል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋሼ፣ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው።

ካቸር ነበሩ። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዝ ማለት እንደሆነ በእጃቸው አሳይተውኛል። ትልቁ ሊግ ውስጥ የቆዩት አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው፤ ከዚያ ጣታቸው ተሰበረ። ስለ ቦርሳዬም ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ብዙም አልገባቸውም፤ ግን ጣታቸውን ቀስረው «ሌባ አይደለሁም» አሉኝ።

«ጥያቄውን የሚልከው ማነው?» አሉኝ። ዘመዴ ነው አልኩ። እውነት ነው፤ በአራት ቤትም ቢሆን ዘመድ ነን። አሁን ጧት ሲነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ከሰውየው ወረቀት መጣ?» ብለው ነው። እባክዎ ቶሎ ይላኩልን።

ሌላም ልጽፍ አስቤ ነበር። ሆድ ይፍጀው።

አክባሪዎ
የሻሽወርቅ


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለየሻሽወርቅ፣

እንደምን አለሽ? ይኸው አልኩ።

ካቸር ሆኖ ሆም የሰረቀ! ካቸር እኮ ዕድሜ ልኩን ቁጢጥ ሲል ኖሮ ጉልበቱ ስለሚዝግ እንደ እርሻ በሬ ነው የሚሮጠው። ለዚህ ሰው ባርኔጣ ይነሣል። አሁን ሁለት ልላክ። ከቃኘው ወዲህ ያለውን ከዚህች ኪዮስክ ራዲዮ ነው የለቃቀምኩት፤ ግን ትክክል ነው።

አንደኛ፦ በአሜሪካን ፉትቦል ሰው ሲጥል ኖሮ፣ ኳሱን ሳያቆም ሕግ ተምሮ፣ የአንድ ስቴት የበላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነ ማነው? አላን ፔጅ፣ ሚኒሶታ። ዛሬም ችሎት ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ፍርዱ ካላማረው ይግባኝ ለማለት ይፈራ ነበር።

ሁለተኛ፦ በበረዶ ሆኪ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ በአርባ አምስት ዓመቱ ተመልሶ ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንድ ቡድን የተጫወተ ማነው? ጎርዲ ሃው። ይህን ስትጠይቂያቸው ስለ ልጃቸውም አንሺላቸው። ምን ይታወቃል።

እኔም ለሳቸው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህ የፈተና አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ከመስመሩ ውጭ ቆሜ ሳይ፣ ወርዋሪው ሲጨንቀው ካቸሩ ጨዋታውን አስቁሞ ወደ እሱ ይሄድና አፉን በጓንቱ ሸፍኖ አንድ ነገር ይነግረዋል። ሰውየው ይረጋጋል። ምን እንደሚለው ወታደሮቹን ብጠይቅ ምስጢር ነው እያሉ ያሾፉብኛል። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ምንድን ነበር የሚባባሉት?

ወዳጄ ደሳለኝ ሰላም ብሎሻል ልል ነበር፤ አላለም። በየእሑዱ ከሰፈሩ ከስካይላይን መጥቶ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ እሱ ነው። የአንቺን ስም ባነሣሁ ቁጥር ግን ስለ መኪናው ጎማ ማውራት ይጀምራል።

ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመለኮት፣

እንደምን ሰነበቱ? አቶ ደሳለኝን እግዜር ይስጣቸው ይበሉልኝ፤ እርስዎን ስለሚያደርሱ።

ዳኛውን አላወቁትም፤ ተናደዱ። ሃውን ግን ገና «ሆኪ» ስል ነው የነጠቁኝ። ስለ ዳያን ጠየቅኳቸው። «ትጽፋለች?» አሉኝ። አትጽፍም፤ ትደውላለች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስይዝላቸው ግን አይናገሩም። እሷም ወዲያ ማዶ ታለቅሳለች።

የእርስዎን ጥያቄ ሰኞ ነው የጠየቅኳቸው። የተናገሩትን እንዳይጠፋኝ ወዲያው በፖስታ ጀርባ ጻፍኩት። «ምንም» አሉ። «ኳሱን እንዴት እንደሚወረውር የሚነግረው አሠልጣኝ ሞልቷል። እኔ ሄጄ ማታ ምን እንደምንበላ ነው የማወራው። ስለ ዶሮ። ስለ ሚስቱ እናት። ሠላሳ ሺህ ሰው ሲጮህበት የቆየ ልጅ የሚያስፈልገው ምክር አይደለም፤ አንድ የሚያውቀው ድምፅ ነው።» ከዚያ ዓይኔን እያዩ «ሰውየው ለምን በወረቀት ብቻ? ድምፁን አሰሚኝ» አሉኝ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ልለምንዎ ነው። ዳያን ሜይ 4 ቀን፣ ረቡዕ፣ ፎርም የምትሞላ ባለሙያ ይዛ ትመጣለች። ሚስተር ክላረንስ ያን ቀን ካልተናገሩ ይወስዷቸዋል። የእኔ ንባብ እየሰለቻቸው ነው፤ የሰዎቹን ስም አበላሻለሁ፣ ከመልሱ በኋላ የሚከተለውን ጨዋታም አላውቀውም። አንዴ ቢመጡላቸው? ካልሆነም ይደውሉና እኔ ሳልናገር ስልኩን ለሳቸው ላቀብል። ትንፍሽ አልልም።

አክባሪዎ
የሻሽወርቅ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመለኮት፣

ምነው ጠፉ? አመመዎት እንዴ? ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። ያለፈውን ካበዛሁት ይቅርታ፤ አፍ ሲዳጥ በቅቤ አይታሽም፣ ብዕርም እንደዚያው ነው።

ሚስተር ክላረንስ ፖስተኛውን መስኮት ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ትናንትና ዛሬ አልበሉም። የእርስዎን እጅ ጽሑፍ አስመስዬ ጥያቄ ፈጠርኩላቸው። አይተው ወረቀቱን መለሱልኝ።

የሻሽወርቅ


አሌክሳንድሪያ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለየሻሽወርቅ፣

አላመመኝም። ስጽፍ ስቀድ ነው የከረምኩት።

«የሚያውቀው ድምፅ» ይላሉ ሰውዬሽ። ያንን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንቺም ያላነሣሽውን፣ እኔም ያላነሣሁትን ላንሣው።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ትልቅ በረዶ ሰሞን፣ መኪና እንዳይንሸራተት ጨው ልበትን ገና ሳይነጋ ወጥቼ ሥራ ገባሁ። ሦስት ሰዓት ላይ አረፍ ብዬ ስልኬን ሳይ የድምፅ መልእክት አለ። ከፈትኩት። አንቺ ነሽ። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእማማን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።» እናቴ መሞቷን የሰማሁት እንዲህ ነው። ከፊቴ አንድ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ መልስ ይጠብቃል። ሰጠሁት። መልካም ቀን አልኩት። ከዚያ ኪዮስኩን ከውስጥ ቆልፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የእኛ ሰው እንዲህ አይረዳም የሻሽ። ዘመድ አዝማድ በማለዳ ተሰብስቦ ይመጣል። ገና በሩ ላይ ሲታዩ ሰው ልቡ ያውቀዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ። እኔን የያዘኝ የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። ያኔ ነው ድምፅሽን አልሰማም ብዬ የማልኩት። ክፋት አልነበረም፤ ድምፅሽን በሰማሁ ቁጥር እናቴ እንደገና ትሞትብኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ከትናንት በስቲያ ቤዝቦል ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። ኪዮስኬ ውስጥ በራዲዮ እየሰማሁ ስለ ሰውዬሽ አሰብኩ። እንዲበሉልኝ ንገሪያቸው። መምጣት ግን አልችልም። መሐላ መሐላ ነው።

ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመለኮት፣

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬም ደገምኩት። ስለዚያ ሲሚንቶ ግድግዳ አላውቅም ነበር። እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ ብል አይበዛም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላረጋግጥ ደውያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። የደወልኩት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የሚያረዱዎ ሰዎች በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤትዎ ደርሰው፣ እርስዎም ለቅሶ ተቀምጠዋል ብዬ ነበር። የማጽናኛ ስልክ ነበር ጋሼ። ይኸው ብዕሬ አመለጠኝ፤ ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ማን ሊመጣ ነበር ብለው ግን አይጠይቁኝ። ለዚያ ሰው ቃል ሰጥቻለሁ፣ ለእርስዎም የሚያስፈልግዎ ሰው ነው።

ሚስተር ክላረንስ የዋሽንግተኑን ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተዋል። ሲያልቅ «ሰውየውም እያየ ነው?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። ሦስት ማንኪያ በሉ።

የሻሽወርቅ


አሌክሳንድሪያ፣ የሆሳዕና ዕለት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየሻሽወርቅ፣

ትናንት ተገናኝተን ዛሬ ደብዳቤ ምንድን ነው እንዳትይ። አንቺ እሪ እያልሽ ስለነበር ያልሰማሽው ብዙ ነገር አለና ልጻፍልሽ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ዓርብ ማታ ደሳለኝን ቤቱ ሄጄ «የእናቴን መርዶ ሊያረዳኝ የነበረው ማነው?» አልኩት። ስለ ጎማ አላወራም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሊመጣ ነበር፤ ስካይላይን መኪና ማቆሚያው ላይ መኪናው በረዶ ተቀብሮ ቆፍሮ እስኪያወጣው ረፈደ። ቤቴ ሲደርስ እኔ የለሁም። ማታ እንመለሳለን ብሎ ሄደ። ለአንቺ ግን አልነገረሽም። ኋላ ጉዱን ሲሰማ ደውሎ እንዳትናገሪ ለመነሽ። አንቺም ቻልሽው! ወዳጅ እንዳላጣ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ እንዳይጠፋ ብለሽ ሁለት ዓመት ጠላት ሆነሽ ኖርሽ። በጣም አፈርኩ የሻሽ። እዚያው ቁጭ ብዬ ከደሳለኝ ጋር አለቀስኩ።

ከዚያው ወደ ንስሐ አባቴ ደወልን። «መሐላህን ያቆምከው ባልሠራችው በደል ላይ ነው። አርባ ስገድና ሳይረፍድ ሄደህ ታረቃት፤ እኔም እመጣለሁ» አሉኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴን ጠይቀሽኝ ነበር፤ አሁን ብትጠይቂው ብዙ ይነግርሻል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሥራ ሳትጀምሪ እንድረስ ተባብለን ተነሣን። ሦስት ሽበታም ሽማግሌ፣ አንዱ ቄስ መስቀል ይዘው፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደጅ ላይ ሲቆሙ ምን እንደሚመስሉ ለአንዳችንም አልታየንም! በሩን ከፍተሽ አየሽን። አባን አየሽ። «ወይኔ እህቴን!» ብለሽ ደረትሽን ስትመቺ ነው ያወቅነው። አገር ቤት ያለችው እህትሽ ደህና ናት ብንል፣ እርቅ ነው ብንል፣ ማን ይስማን። ደሳለኝ ደንግጦ አብሮሽ ማልቀስ ጀመረ። አባ እሱን ዝም ሊያሰኙ መስቀላቸው ወደቀ።

ይህን ጊዜ ነው ሰውዬሽ የመጡት። በቢጃማ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ግድግዳ ይዘው። ሰው ሳይደግፋቸው ከወንበር አይነሡም ብለሽ አልነበር? ተራመዱ፤ በአንቺና በእኛ መካከል ገብተው ቆሙ። ቁመታቸው በሩን ሞላው። «ይህች ሴት የቤቴ ሰው ናት። ምን አደረጋችኋት?» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አባ እንኳ ወደ ኋላ አሉ። እኔም በእንግሊዝኛዬ «ጥያቄ የምልክልዎ ሰው ነኝ» አልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ነህ? ረጅም መስለኸኝ ነበር» አሉ። ቀጥለው «ታዲያ ደጅ ቆመህ ስታስለቅሳት ልትውል ነው ወይስ ትገባለህ?»

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ስለ ዳኛው ፔጅ አፋጠጡኝ፤ ጥያቄው ለቤዝቦል ሰው አይገባም ብለው ተከራከሩ። ስወጣ ከፋሲካ በኋላ በየቅዳሜው እመጣለሁ አልኳቸው። ሰሙኝ አልሰሙኝ አላውቅም፤ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ድምፅሽን ስሸሽ ከርሜ መጀመሪያ የሰማሁት እሪታሽን ሆነ፤ ይበለኝ። ኋላ ግን ፊትሽን ታጥበሽ መጥተሽ «ጋሼ፣ ምነው ካፖርትዎን ሳያወልቁ?» ስትይ፣ እናቴ እንደገና ሞተች ወይ ብዬ ራሴን አዳመጥኩ። አልሞተችም። እኔ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ፤ ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ
ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ! ትናንት ማታ በስልክ ልነግርዎ ብዬ ነበር፤ በወረቀት ይሻላል አልኩ። ዛሬውኑ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ።

ዳያን መጣች። ባለሙያዋም ፎርሟን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ሚስተር ክላረንስን ሸሚዝ አልብሼ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ ነበር። ጸሎት በልቤ እደግማለሁ። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለቻቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ነካኩ። «አሁን ያለው ፕሬዚዳንት ማነው?» «ኬኔዲ» አሉ። እሷም ጻፈች። «ይህች ማናት?» ብላ ወደ ዳያን አሳየቻቸው። ብዙ አዩዋት፤ ፈገግ አሉ፤ ስሟን ግን አላመጡትም። ዳያን ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ በቃ አልኩ። ልብሳቸውን የማስገባበት ሻንጣ የትኛው እንደሆነ ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ዳያን ተመልሳ ከፊታቸው ተንበረከከች። «አባዬ፣ ከእኔ ጋር ኦሃዮ እንሂድ? እዚያ ጥሩ ቦታ አለ» አለቻቸው።

«አይሆንም» አሉ።

«ለምን?»

«ቅዳሜ ሰውየው ይመጣል።»

ጋሼ፣ እኔ አልነገርኳቸውም። የቀን መቁጠሪያ ላይም አልጻፍኩትም። ሰሙኝ አልሰሙኝ ያሉትን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይዘውት ቆይተዋል። ባለሙያዋ ብዕሯን አቆመች። ዳያን «የትኛው ሰውዬ?» አለች። «አጭሩ» አሏት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲያ ነው ያሉት። «ጥያቄ ያለው። እኔም አንድ አዘጋጅቼለታለሁ፤ አይመልሰውም።»

ዳያን ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ። ፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ በሩ ላይ አቅፋኝ «እዚሁ ይሁን፤ ከአንቺ ጋር ይሁን» አለችኝ። ከእንግዲህ እሷም በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ጽፋ ልትልክላቸው ነው፤ ስለ ምን እንደምትጠይቅ ግን አታውቅምና እርስዎ ያስጠኗታል።

ያዘጋጁልዎን ጥያቄ ለእኔም አልነገሩኝም። ጋሼ፣ ቅዳሜ እንዳይቀሩ።

እህትዎ
የሻሽወርቅ